ምንጩ ይድረቅብን

ተረት ተረት፤ እግዜር ያፈለቀው ምንጭ ያለበት።

አራዊት ተሰብስበው አንበሳን ለአንድ ዓመት የምንጩ አለቃ አደረጉት፤ ጎሾችን ደግሞ ጠባቂ። ዓመቱ ሲሞላ አንበሳ፣ “ከእንግዲህ ምንጩ የእኔ ነው” ብሎ ቁጭ አለ። ሚዳቋ ከነግልገሏ ተጠምታ መጣች።

“አንተ ጎሽ፣ ውጋልኝ!” አለ አንበሳ።

“አይሆንም ጌታዬ።”

“‘አንበሳ ይሙት’ ብለህ ምለህልኝ አልነበረም?”

“ኧረ የለም ጌታዬ! የማልነው ‘ምንጩ ይድረቅብን’ ብለን ነው።”

“ሥጋህ እንደሚጥመኝ ረሳኸው?”

“አልረሳሁም። እግዜር ያውቃል፣ እፈራዎታለሁ” አለና ቀንዱን ወደ አንበሳ አዞረ። ሌሎቹም ጎሾች እየመጡ ከጎኑ ቆሙ።

ሚዳቋና ግልገሏ ጠጡ። ኋላ አንበሳም ጠማው፤ ከኤሊ በስተኋላ ቆሞ ተራውን ጠበቀ።

ተረቴን መልሱ፤ ከምንጩም ቅመሱ።