ወርቅና ብር በአንድ አፍንጫ ላይ

ተረት ላወራችሁ ነው፤ የሚያንጎላጅ ካለ ጎረቤቱ ይቆንጥጠው።

ከብዙ ዘመን በፊት፣ አንዲስ በሚባሉት ሰማይ ጠቀስ ተራሮች ሥር፣ ዋማን የሚባል ሽማግሌ አንጥረኛ ነበር። በዚያ አገር ወርቅ የፀሐይ ላብ ነው፣ ብር የጨረቃ እንባ ነው ይባላል። ስለዚህ ገዥው በበዓል ቀን አፍንጫው ላይ የሚያንጠለጥለው ጌጥ ቀኙ ወርቅ፣ ግራው ብር መሆን አለበት። ፀሐይና ጨረቃ በአንድ ፊት ላይ እንዲታረቁ ነው።

ገዥው ዋማንን ጠርቶ፣ "ጌጡን ለነገው የፀሐይ በዓል ካላደረስክ መዶሻህን ቀምቼ ድንጋይ ተሸካሚ አደርግሃለሁ" አለው።

ዋማን ወርቅና ብርን ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው ጠብ ተነሣ።

"እኔ የፀሐይ ልጅ፣ ከዚች አልቃሻ ጋር?" አለ ወርቅ።

"እኔስ፣ ከዚህ ላብ ላብ ከሚሸት ጋር?" አለች ብር አፍንጫዋን ይዛ።

ጥግ የተቀመጠው መዳብ፣ "እኔ በመካከላችሁ ብገባ..." ሊል ሲጀምር ሁለቱም ባንድ አፍ "አንተ ዝም በል!" አሉት። በሌላ ያልተስማሙ በዚህ ተስማሙ።

ዋማን ወርቁን ብቻውን ሠራው። ገዥው ሲለካው አስነጠሰና ወርቁ እንደ ሊጥ ተጣመመ።

ብሯን ብቻዋን ሠራት። ገዥው "ፀሐይን በገዛ በዓሉ ላስቀይመው?" ብሎ መለሳት።

በሦስተኛው ሁለቱን አጣብቆ አሞቃቸው። እነሱ ግን ተኮራርፈው ነበርና ገዥው የበቆሎ ጠላውን ሊጠጣ ቢያጎነብስ ጧ ብለው ተለያዩ፤ ወርቅ ጠላው ውስጥ፣ ብር ጭኑ ላይ።

"በቃ፣ በዚህ ዕድሜዬ ድንጋይ ልሸከም ነው" ብሎ ዋማን አለቀሰ።

መዳብ ከጥጉ ተንከባልሎ ወደ ዋማን ቀረበ። "አባቴ፣ ከኔ ቅንጣት ቆርጠህ በመካከላቸው አድርገኝ። ከእነሱ ጋር ስነካካ ቶሎ እቀልጣለሁ፤ ሁለቱንም እይዛቸዋለሁ።"

"ብትታይ ወዮልህ!" አለ ወርቅ።

"ሰው ምን ይለናል?" አለች ብር።

"ከኋላ ነኝ፤ ማንም አያየኝም" አለ መዳብ።

ዋማን በሸምበቆ እሳቱን እፍ አለ። መዳቡ ቀለጠና ያዛቸው።

በበዓሉ ገዥው ጨፈረ፣ ዘለለ፤ ጌጡ ንቅንቅ አላለም። ሕዝቡ "ወይ ወርቅ! ወይ ብር!" አለ። ዋማንም መዶሻውን ታቅፎ እያፏጨ ቤቱ ገባ።

ወርቅ በሙገሳው ተነፋፍቶ ለብር፣ "ከጀርባዬ የሚኮረኩረኝን ይህን ቀይ ነገር እናስወጣው" አላት።

"ተው አንተ!" አለች ብር። "እሱ ከወጣ ነገ የምንሰደበው ተለያይተን ነው።"

እናም ሁለት ኩሩዎች ተቃቅፈው ካያችሁ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት ዞር ብላችሁ ጀርባቸውን እዩ፤ እሳቱን የቻለላቸው እዚያ አለ። ተረቴ አለቀ፤ አሁን ጉሮሮዬን የሚያርስ ነገር አምጡ።