ትርንጎና ስድስቱ በጎ ፈቃደኞች

ተረት ነው ብላችሁ ስሙኝ፤ እውነት ነው ብላችሁ ተቆጡልኝ።

ጉርማይ በሚባል ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆች በሚኖሩባት ትንሽ ከተማ፣ ትርንጎ የምትባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ፈንታው ዓሣ አጥማጅ ነው። ከአምስት ወር በፊት እግሩ በጀልባና በድንጋይ መሀል ገብቶ ተሰበረ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ ላይ አልወጣም። የአጥማጆቹ ማኅበር ደግሞ ደንብ አለው። ግማሽ ዓመት ሙሉ ከአንድ አባል ቤት ዓሣ የሚያወጣ ሰው ከጠፋ፣ የጀልባ ማቆሚያ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስድስተኛው ወር ሊሞላ የቀሩት አሥራ አንድ ቀናት ብቻ ነበሩ።

አንድ መውጫ ግን ነበር። በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ፣ የሐይቁ ውሃ ሲጠራ፣ እኛ የከተማው በጎ ፈቃደኞች ለታዳጊዎች የደጋን ውድድር እናዘጋጃለን። ልጆቹ ጀልባ ጫፍ ላይ ይቆማሉ፤ ገመድ በታሰረበት ፍላጻ አምባዛ ይወጋሉ፤ ገመዱን እየጎተቱ ዓሣውን ያወጣሉ። በውድድሩ አንድ ዓሣ ያወጣ ልጅ ሁሉ ከማኅበሩ የታዳጊ አጥማጅ ካርድ ይሰጠዋል። ካርድ ያለው ልጅ ያለበት ቤት ቦታውን አያጣም።

ትርንጎ ደጋን መሳብ ከአባቷ ተምራለች። የራሷ የቀርከሃ ደጋን አላት፤ ፍላጻዎቿንም ራሷ ነው የሞረደቻቸው። የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሟ መዝገብ ላይ መጻፍ። ሌሎቹን ልጆች ትምህርት ቤቶቻቸው በዝርዝር ልከዋቸዋል። የእሷ ትምህርት ቤት ዝርዝሩን የላከው፣ አባቷን ደግፋ ጤና ጣቢያ በሄደችበት ቀን ነው። ስለዚህ ብቻዋን መጣች። የሚናገርላት ሰው አልነበረም።

መዝጋቢዋ እኔ ነበርኩ። ባንቺአምላክ እባላለሁ፤ በሌላው ቀን የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጠረጴዛዬ ፊት መጥታ ቆመች።

«እትዬ ባንቺ፣ ስሜን ይጻፉልኝ።»

«ፍላጻሽ ታይቷል?»

«አልታየም።»

«ጋሽ ጓንጉል አይተው ቀይ ቀለም ካልቀቡት ስም አልጽፍም። ሂጂ እሳቸው ጋ።»

ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም። ከዚህ በኋላ ያለውን እሷም፣ የላኳት ሰዎችም ናቸው የነገሩኝ።

ጋሽ ጓንጉል አናጢ ናቸው። ሐይቁ ዳር ባለው ሾላ ጥላ ሥር፣ የቀለም ጣሳቸውን በጉልበታቸው መሀል ይዘው ተቀምጠዋል። ትርንጎ ፍላጻዋን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«ጋሽ ጓንጉል፣ ፍላጻዬን ይዩልኝ። ፍላጻዬ ካልታየ እትዬ ባንቺ ስሜን አይጽፉም፤ ስሜ ካልተጻፈ አልወዳደርም፤ ካልተወዳደርኩ ዓሣ አላወጣም፤ ዓሣ ካላወጣሁ የአባቴ ቦታ ይሄዳል።»

«ገመድ ያልታሰረበት ፍላጻ አላይም» አሉ። «ባዶ ፍላጻ ተስፈንጥሮ የሰው ዓይን ያጠፋል። ዘነቡ ጋ ሂጂ፤ ገመድ ትቁረጥልሽ።»

ወይዘሮ ዘነቡ መረብ ጠጋኝ ናቸው። የገመድ ጥቅል ላይ ተቀምጠው፣ በጥርሳቸው ቋጠሮ እየፈቱ ነበር።

«ወይዘሮ ዘነቡ፣ ገመድ ይቁረጡልኝ። ገመድ ከሌለኝ ጋሽ ጓንጉል ፍላጻዬን አያዩም፤ ፍላጻዬ ካልታየ እትዬ ባንቺ ስሜን አይጽፉም፤ ስሜ ካልተጻፈ አልወዳደርም፤ ካልተወዳደርኩ ዓሣ አላወጣም፤ ዓሣ ካላወጣሁ የአባቴ ቦታ ይሄዳል።»

«የስንት ቁጥር ጀልባ ነሽ?»

«ቁጥር የለኝም።»

«እና ስንት ክንድ ልቁረጥልሽ? ለትልቁ ጀልባ ረጅም ነው፤ ለትንሹ አጭር ነው። ቁጥር ይዘሽ ነይ። ጋሽ ይርዳው ነው የሚሰጠው።»

ጀልባዎቹ ያሉት ከሾላው ብዙ ርቀው፣ ከጭቃው ማዶ ነው። የትርንጎ ኮንጎ ጫማ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ፤ ጎንበስ ብላ ነቅላ በእጇ ያዘችው። ጋሽ ይርዳው የመጀመሪያው ጀልባ ሞተር ላይ ተደፍተው ዘይት እየጠረጉ ነበር።

«ጋሽ ይርዳው፣ የጀልባ ቁጥር ይስጡኝ። ቁጥር ከሌለኝ ወይዘሮ ዘነቡ ገመድ አይቆርጡም፤ ገመድ ከሌለኝ ጋሽ ጓንጉል ፍላጻዬን አያዩም፤ ፍላጻዬ ካልታየ እትዬ ባንቺ ስሜን አይጽፉም፤ ስሜ ካልተጻፈ አልወዳደርም፤ ካልተወዳደርኩ ዓሣ አላወጣም፤ ዓሣ ካላወጣሁ የአባቴ ቦታ ይሄዳል!»

ጋሽ ይርዳው አባቷን ያውቁታል። አብረው አጥምደዋል። ያም ሆኖ ቀና ብለው ያሉት ይህንኑ ነው፦ «ላይፍ ጃኬት ያልለበሰ ልጅ ጀልባዬ ላይ ቦታ የለውም። ሲስተር ጋ ሂጂ። ቶሎ በይ!»

ቶሎ በይ ይሏታል! እሷ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ቶሎ እያለች ነው።

ሲስተር ሐረገወይን ነርስ ናት። የመጀመሪያ እርዳታ ድንኳኑ ውስጥ፣ ብርቱካናማዎቹን የመንሳፈፊያ ጃኬቶች ደርድራ ትጠብቃለች። ትርንጎ በአንድ እግሯ ጫማ፣ በአንድ እግሯ ጭቃ ሆና ገባች።

«ሲስተር፣ ጃኬት ይስጡኝ። ጃኬት ከሌለኝ ጋሽ ይርዳው ቁጥር አይሰጡም፤ ቁጥር ከሌለኝ ወይዘሮ ዘነቡ ገመድ አይቆርጡም፤ ገመድ ከሌለኝ ጋሽ ጓንጉል ፍላጻዬን አያዩም፤ ፍላጻዬ ካልታየ እትዬ ባንቺ ስሜን አይጽፉም፤ ስሜ ካልተጻፈ አልወዳደርም፤ ካልተወዳደርኩ ዓሣ አላወጣም፤ ዓሣ ካላወጣሁ የአባቴ ቦታ ይሄዳል!»

ሲስተር አዘነችላት። አዝና ውሃ ሰጠቻት፤ እግሯን እንድትታጠብ ጆግ አቀበለቻት። ጃኬቱን ግን አልሰጠቻትም።

«አምና ሦስት ጃኬት ጠፋብኝ የኔ ቆንጆ። ዘንድሮ ሰብሳቢው ካልፈረሙ አንድም አይወጣም። እዚያ ናቸው፤ ኮፍያ ያደረጉት።»

ሰብሳቢው አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ። ጡሩምባቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ስልክ እያናገሩ ነበር። ትርንጎ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ሌላ ስልክ ተደወለላቸው፤ እሱንም እስኪጨርሱ ጠበቀች። ሦስተኛው ሲጮኽ ግን ፊታቸው ተደቀነች።

«ይፈርሙልኝ! ካልፈረሙ ሲስተር ጃኬት አይሰጡም፤ ጃኬት ከሌለኝ ጋሽ ይርዳው ቁጥር አይሰጡም፤ ቁጥር ከሌለኝ ወይዘሮ ዘነቡ ገመድ አይቆርጡም፤ ገመድ ከሌለኝ ጋሽ ጓንጉል ፍላጻዬን አያዩም፤ ፍላጻዬ ካልታየ እትዬ ባንቺ ስሜን አይጽፉም፤ ስሜ ካልተጻፈ አልወዳደርም፤ ካልተወዳደርኩ ዓሣ አላወጣም፤ ዓሣ ካላወጣሁ የአባቴ ቦታ ይሄዳል!»

«ስምሽ ማነው?»

«ትርንጎ ፈንታው።»

አቶ ልሳነወርቅ በእጃቸው የያዙትን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አዩት። ገለበጡት። «የለሽም» አሉ። «መዝገብ ላይ ለሌለ ሰው በምን ላይ ልፈርም? መጀመሪያ ተመዝገቢ።»

ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ውድድሩ የሚጀመረው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ልጆቹ ጃኬታቸውን ለብሰው ወደ ጀልባዎቹ እየወረዱ ነው። እኔ መዝገቤን ዘግቼ ብዕሬን ቦርሳዬ ውስጥ እያስገባሁ ሳለሁ፣ አንድ እጅ ሦስት ፍላጻ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረ።

«ስሜን ይጻፉ!»

«ፍላጻሽን...»

«ፍላጻዬን አይበሉኝ! ስሜ ካልተጻፈ ሰብሳቢው አይፈርሙም፤ ሰብሳቢው ካልፈረሙ ሲስተር ጃኬት አይሰጡም፤ ጃኬት ከሌለኝ ጋሽ ይርዳው ቁጥር አይሰጡም፤ ቁጥር ከሌለኝ ወይዘሮ ዘነቡ ገመድ አይቆርጡም፤ ገመድ ከሌለኝ ጋሽ ጓንጉል ፍላጻዬን አያዩም፤ ፍላጻዬ ካልታየ እርስዎ ስሜን አይጽፉም! ስሜ ካልተጻፈ ደግሞ ሰብሳቢው አይፈርሙም! እስከ መቼ ልዙር?»

ጩኸቷ ዳር እስከ ዳር ተሰማ። ጋሽ ጓንጉል የቀለም ብሩሻቸውን ይዘው ቆሙ። ወይዘሮ ዘነቡ ጥርሳቸው መሀል ያለውን ገመድ ለቀቁ።

እኔ ደግሞ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ፤ አልደብቅም። ተናደድኩ። በእሷ ነው የተናደድኩት። በሰው ፊት፣ ልጅ ጮኸችብኝ ብዬ።

«ድምፅሽን ቀንሺ!» አልኳት። «እኛ እዚህ ፀሐይ ላይ የምንውለው በነጻ ነው።»

«እኔስ ተከፍሎኝ ነው የምዞረው?» አለችኝ።

ቀና አልኩ። ፊቷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጭቃው ጉልበቷ ድረስ ደርቋል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኗ ውስጥ ግን እንባ የለም፤ ንዴት ብቻ ነው ያለው። ስድስታችንን በልቤ ቆጠርኩ። እያንዳንዱ ደንብ ለብቻው ሲታይ ልክ ነው፤ ገመዱም፣ ጃኬቱም፣ ፊርማውም። ደንቦቹን ግን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ። አንዱን ከሌላው ጋር አቆላልፌ፣ ብቻዋን የምትመጣ ልጅ መግቢያ እንዳይኖራት አድርጌ። አንድ ቀን እንኳ በእግሬ ዞሬ አላየሁትም። ንዴቴ ዞሮ ወደ ራሴ መጣ፤ ይህኛው የባሰ ነው።

መዝገቡን ከፈትኩ። ብዕሬን ለማውጣት ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ጻፍኩ፦ ትርንጎ ፈንታው።

አቶ ልሳነወርቅ እየሮጡ መጡ። «ባንቺ! ምን እያደረግሽ ነው? ፍላጻዋ አልታየም!»

«ይታያል።»

«ደንቡስ?»

«ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነው የጻፍኩት። ስሟ ይኸው። ይፈርሙ!»

«ሰዓቱ ደርሷል፤ ለአንድ ልጅ ብዬ...» ብለው ጡሩምባውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

ከጭቃው ማዶ የጋሽ ይርዳው ድምፅ መጣ። ሞተራቸውን አጥፍተው ጀልባው ላይ ቆመዋል። «ንፋው! ሞተር የሚያስነሳልህ ሰው ካገኘህ ንፋው! የፈንታውን ልጅ በእግሯ አመላልሼ፣ እኔ ዛሬ ያለ እሷ አልነሳም!»

ሌሎቹ ጀልባ ነጂዎችም ሞተራቸውን አጠፉ። ዳሩ ጭር አለ። አቶ ልሳነወርቅ ጡሩምባውን ከአፋቸው አወረዱ፤ ብዕሬን ከእጄ መነጨቁት።

ስሟ ሲጻፍ ሰብሳቢው ፈረሙ። ሰብሳቢው ሲፈርሙ ሲስተር ጃኬቱን ይዛ ሮጠች። ጃኬቱ ሲለበስ ጋሽ ይርዳው «አንድ ቁጥር!» ብለው ጮኹ። ቁጥሩ ሲሰማ ወይዘሮ ዘነቡ ገመዱን ቆረጡ። ገመዱ ሲታሰር ጋሽ ጓንጉል ፍላጻዎቹን አገላብጠው አዩና ቀይ ቀለም ቀቧቸው፤ ስለቸኮሉ የትርንጎንም ጣቶች አብረው ቀቡ። ሁሉም ተደማምሮ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አምስት ደቂቃ! እኛ ግን አንድ ሰዓት ከሩብ አንከራተትናት።

ጡሩምባው ተነፋ፤ ጀልባዎቹ ወጡ።

ጀልባው ላይ የሆነውን የነገሩኝ ጋሽ ይርዳው ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ደጋኗንና ፍላጻዎቿን ይዛ ስትሮጥ የትርንጎ እጅ ዝሏል። የመጀመሪያው ፍላጻ ሳተ። ሁለተኛው ሳተ። ሌሎቹ ልጆች ሁለት ሁለት ዓሣ ሲያወጡ የእሷ ገመድ ባዶውን ይመለስ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ሆነ። ጋሽ ይርዳው ሞተሩን አጥፍተው፣ በመቅዘፊያ ብቻ፣ አባቷ ያጠምድበት ወደነበረው ደንገል ውስጥ አስገቧት። አምስት ሰዓት ተኩል አለፈ። ከደንገሉ ሥር ጥቁር ጀርባ ብቅ አለ። ሳበች፤ ለቀቀች። ገመዱ ተወጠረ፣ መዳፏን ቆረጠው፤ አለቀቀችም።

ስድስት ሰዓት ላይ ስትመለስ አንድ አምባዛ ይዛለች። አራት ኪሎ ተኩል መዘነ። ከሃያ ሦስት ልጆች አሥራ ሁለተኛ ወጣች፤ ሽልማት የለውም። ካርዱ ግን ይገባታል። ስሟን ጽፌ፣ ማኅተም አሳርፌ፣ ከጠረጴዛዬ ተነሥቼ በሁለት እጄ ሰጠኋት።

«እንኳን ደስ አለሽ ትርንጎ።»

ካርዱን አገላብጣ አነበበችው። ስሟ በትክክል መጻፉን አየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጠዋት ስጠይቅዎ ቢጽፉልኝ ኖሮ ሦስት አወጣ ነበር» አለችኝ።

ዓሣዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ፣ ሳትሰናበተኝ ወደ አባቷ ቤት ሄደች።