ጣት ቆሞ ያስቀድሳል?

አንድ በደብሩ ሰው ሁሉ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሽ ዘለቀ ይባላሉ። ሁለቱም ጉልበታቸው ስለሚያማቸው የሚያስቀድሱት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ምግብ ሲቀርብ፣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ባንቺአምላክ በማኅበርተኛው ፊት፣ «የእኚህ ሰው ጉልበት እኮ ያለቀው አርባ ዓመት ቆመው በማስቀደስ ነው!» አሉ።

ውሸት ነበር። ጋሽ ዘለቀ በጉልምስናቸውም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን የሚደርሱት ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ነው። ግን መቼም ምስጋና ይጣፍጣል፤ አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲያ የድፎው መጀመሪያ፣ ጮማውና ጠጁ ለእሳቸው ሆነ። እሳቸውም እምቢ ማለት አያውቁበትም።

ውሎ አድሮ ጣቶቻቸውም አብጠው አዝራር መቆለፍ ሲያቅታቸው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሐኪሟ ደማቸውን አስመረመረች። ስኳሩም ስቡም ከልክ አልፏል።

«ስኳሩስ ይሁን፤ ጉልበቴ ግን በቅዳሴ ያለቀ ነው» አሏት ኮራ ብለው።

«ጣትዎስ አባቴ? ጣት ቆሞ ያስቀድሳል?»

ጋሽ ዘለቀ ያበጡ ጣቶቻቸውን አዩ።

«ዕድሜም አለበት፣ ውፍረቱም ጉልበትዎን ይጫነዋል። ግን ስኳርና ስብ በደም ውስጥ ሲበዛ ሰውነት ውስጥ ውስጡን ይቆጣል፤ ምንም ያልተሸከመ መገጣጠሚያ እንኳ ሊጎዳ ይችላል። ምግብዎን ያስተካክሉ፣ ቀስ እያሉ በእግርዎ ይሂዱ፣ መድኃኒቱን አያቋርጡ» አለቻቸው።

ጋሽ ዘለቀ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ለማንም አልተነፈሱም።

በሚቀጥለው እሑድ ወይዘሮ ባንቺአምላክ እያነከሱ፣ ፊታቸው ግን በደስታ በርቶ መጡ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለሽ ይበሉኝ! ጉልበቴን እንደ እርስዎ ጀመረኝ። ልጄ ‹ስኳር ሳይኖርብሽ አይቀርም፣ ሐኪም ቤት እንሂድ› ብትለኝ፣ ‹በረከት ማን ይታከመዋል?› አልኳት።»

ጋሽ ዘለቀ ፊታቸው ጋለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። የቀረበላቸውን ጮማ ገፋ አድርገው ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ።

«ባንቺ፣ እኔ ቆሜ አላስቀደስኩም። ቅዳሴ ጉልበቴን ምንም አላደረገውም። ስኳርና ስብ ነው የጎዳኝ። ነገ አብረን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

ወይዘሮዋ ከኀፍረት ሊያድኗቸው ፈልገው፣ «እኔ ነኝ ያወራሁት፤ እርስዎ መቼ አሉ?» አሉ።

«ዝም አልኩ እኮ! እሱ አይብስም?» አሉ ጋሽ ዘለቀ፣ ቀና ብለው ማየት አቅቷቸው።

ወዳጆቼ፣ መታመም አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ለሕመማችን የማይገባውን ክብር አልብሰን፣ ሌላው ሰው እኛን አይቶ ሳይታከም እንዲቀር ማድረጋችን ነው። ሰውነታችንም አንድ ነው፤ ደማችንን የጎዳ ነገር መገጣጠሚያችንንም አይምርም።

ይህን ስጽፍ የራሴም ጉልበት እየጠዘጠዘኝ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ከሥራ ብዛት ነው» እላለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?