የፊታውራሪ ምስክር

ፊታውራሪ ቢተው በሬ ቀንዱን ይዘው የሚጥሉ ጉልበታም ነበሩ። ሆኖም ጉልበታቸውን እንጂ ጀግንነታቸውን የሚያነሳ ሰው ጠፋ፤ ይህም ያንገበግባቸው ነበር።

አንድ ቀን በሰርግ ላይ ጠጅ ሞቅ ሲያደርጋቸው ተነሡና «ዘራፍ! ከነብር ጋር የተፋጠጥኩ፣ ጀግናው ቢተው!» ብለው ፎከሩ። ፉከራ ያለ ምስክር አያምርምና ሰርገኛው «ማን አየ?» አለ።

ፊታውራሪም ከነብሩ ጋር በተገናኙ ዕለት በቅሏቸውን ይስብ የነበረውን አሽከር አስጠሩ። አሽከሩ ምላሱ አያርፍም፤ በጌታው እጅ ያለውን አለንጋ ሲያይ ግን ገና ሳይመታ ጀርባውን በላው።

«ጀግና መሆኔን መስክር! እምቢ ብትል ወዮልህ!» አሉት።

አሽከሩ እጅ ነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ ያየሁትን ልናገር። ነብሩ ብቅ ሲል በቅሎዋ ንቅንቅ አልልም አለች። እርስዎም ከነኮርቻዋ ተሸክመዋት ሮጡ። ነብሩም እኔም ልንደርስብዎ አልቻልንም» አለ።

ሰርገኛው ሳቁን በጠጁ ዋጠ።

«ጀግንነቴስ?» ብለው አምባረቁ ፊታውራሪ።

«ጉልበትዎን በማንም ፊት እመሰክራለሁ፤ ጀግንነቱን ግን ለበቅሎዋ ይተዉላት። እንቁም ያለችው እሷ ናት።»