የ«መስካችን» መጽሔት ታማኝ አንባቢ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ስማርት ስልክ ይዘው መዞር በጀመሩበት ሰሞን ይመስለኛል፣ ከአንድ ኮረብታ ሥር «መስካችን» የሚባል መጽሔት ይታተም ነበር። ዋና አዘጋጁ ቀበሮ ነው። ጃርት በእሾኳ ገጾቹን ትሰፋለች። ቁራ ከላይ እየበረረች ወሬ ትለቅማለች። ዳለቻ የምትባል አህያ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እሽጉን በጀርባዋ ጭና ለሜዳው ሁሉ ታድላለች። መጽሔቱ ከዳር እስከ ዳር የሚነበብ ነበር ብዬ አልዋሽም። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ቀበሮ ስለ ራሱ ነበር የሚጽፋቸው። መሐል ላይ በየሳምንቱ ግጥም የሚልክ አንድ በግ አለ፤ እሱን ተዉት።

ሁሉም የሚጠብቀው የመጨረሻውን ገጽ ነበር። ርእሱ «ጅብ የታየበት» ይላል። አያ ጅቦ በሳምንቱ ውስጥ በየት በኩል እንደዋለ፣ የትኛው መሻገሪያ ላይ ዱካው እንደተገኘ፣ የትኛው ጉድጓድ ውስጥ እንደተኛ፣ ቁራ ያየችውን ሁሉ እዚያ ታሰፍራለች። ላሙም በጉም ፍየሉም አህያውም፣ ብቻ ኮቴ ያለው ሁሉ፣ መጽሔቱን ከኋላ ነበር የሚጀምረው። ገጹን በከንፈሩ ገልጦ ያነብና የሳምንቱን የውኃ መንገድ ይመርጣል። አንዱ ቅጂ ለሠላሳ ይዳረሳል፤ ያልደረሰው ጎረቤቱን ይጠይቃል።

በአንዱ በጋ ወረቀት ጠፋ። የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም፤ ቀለሙም እንደዚያው። በዚህ በዚህ ቀበሮን አልወቅሰውም፤ ወረቀት መወደዱ እውነት ነው። ሠራተኞቹን ሰበሰበና እንዲህ አላቸው፦

«ከዛሬ ጀምሮ ማተም ቀርቷል። መጽሔታችን የሚወጣው በኢንተርኔት ብቻ ነው።»

ጃርት እሾኳን ሰብስባ ወጣች። ቁራ «እኔስ ያው መብረሬ አይቀር» አለች። ቀበሮም ወደ እሷ ዞሮ፣ «ታዲያ እንደ ድሮው ያየሽውን ሁሉ ዛፍ ላይ ተቀምጠሽ አትለፍፊ። ወሬ ሁሉ መጀመሪያ በመጽሔቱ ነው የሚወጣው» ብሎ አስማላት።

ዳለቻ ግን ከበሩ አልተነቃነቀችም። ሆዷ ገፍቶ መውለጃዋ ደርሷል።

«አቶ ቀበሮ፣ የመጨረሻው ገጽስ?» አለች።

«አለ እንጂ! እንዲያውም ሳምንት መጠበቅ ቀረልሽ፤ በየሰዓቱ እናወጣዋለን።»

«እንዲያ ከሆነማ ጥሩ ነው። እኔ እንደሚያዩኝ ነኝ፤ መሮጥ አልችልም። አምና ጅብ ቢመጣ እግሬ ያወጣኝ ነበር። ዘንድሮ ግን መንገዱን አስቀድሜ ካላወቅሁ እኔም በሆዴ ያለውም አለቀልን። ፈርቻለሁ፤ አልደብቅዎትም።»

«አይዞሽ እትዬ ዳለቻ፣ ሥልጣኔው ላንቺም ነው የመጣው» አለና «ለረጅም ዘመን አገልግሎትሽ» ብሎ አንድ ስልክ አንገቷ ላይ አንጠለጠለላት። ፎቶም አነሳት። ፎቶውን እዚያው መጽሔቱ ላይ ለጠፈው።

ዳለቻ ሜዳው ስትደርስ ሁሉም ከበቧት። ስልኩን ሣር ላይ አስተኝተው ዙሪያውን ቆሙ። ላም በኮቴዋ ነካችው፤ ጸጥ። ፍየል ነካው፤ አሁንም ጸጥ። በግ ትንሽ ጠንከር አድርጎ ቢረግጠው ጥጉ ተሰነጠቀ እንጂ ምንም አልተከፈተም።

«ይኼ ነገር ኮቴ አያውቅም እንዴ?» አለች ላም።

«መዳፍ ላላቸው ነዋ የተሠራው» አለ ፍየል። «ለዝንጀሮ፣ ለቀበሮ፣ ለጅብ።»

«እስቲ በከንፈርሽ ሞክሪው» አሏት ዳለቻን።

ዳለቻ አጎንብሳ በከንፈሯ ዳሰሰችው። እውነትም በራ። አንድ ትልቅ ፎቶ ብቅ አለ፤ አያ ጅቦ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ደንግጣ አፏን ስታነሳ ሳታስበው ደግማ ነካችው፤ ከፎቶው ሥር ቀይ ልብ ብልጭ አለ።

«ምን አደረግሽ?» አላት በግ።

ፍየል ጠጋ ብሎ አነበበና «‹ወደድኩት› ነው ያለችው» አለ።

«እኔ? ጅብን? ኧረ ምን በወጣኝ!» ብላ ዳለቻ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ቀኑን ሙሉ ሲታገሉት ዋሉ። የመጨረሻው ገጽ እታች ነው፤ እዚያ ለመድረስ ደግሞ ጣት ኖሮ ወደ ላይ መግፋት ያስፈልጋል። በከንፈር በከንፈር የተከፈተላቸው ነገር ቢኖር የበጉ ግጥም ብቻ ነው። እሱንም ከራሱ ከበጉ በቀር ማንም አላነበበውም።

አያ ጅቦም ስልክ ነበረው። ከየት እንዳመጣው አትጠይቁኝ፤ የስልኩ ባለቤት የት እንደደረሰም አላውቅም። ማንበብ አይሆንለትም፤ አንድ መስመር ፊደል ቆጥሮ እስኪጨርስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ፎቶ ግን ይወዳል። እንዲሁ ሲነካካ «መስካችን» ላይ የዳለቻን ፎቶ አገኘ። ሆዷ ተወጥሯል፤ ዳሌዋ ሞልቷል። ምራቁ ተዝረበረበና ስልኩን ላሰው። ምላሱ ሲነካው ፎቶው ይከፈታል፤ ተከፍቶ ሲዘጋ ደግሞ ይልሰዋል። ሲልስ ዋለ፤ ሲልስ አመሸ።

በማግስቱ ቀበሮ ቁጥሩን ሲያይ ጮቤ ረገጠ። የዳለቻ ፎቶ አራት መቶ ጊዜ ተከፍቷል። «ጅብ የታየበት» ሦስት ጊዜ ብቻ። ሦስቱንም ጊዜ የከፈተችው ራሷ ቁራ ናት፣ የጻፈችው መውጣቱን ለማየት።

«ስሚ ቁራ፣ የጅቡን ወሬ ተዪው። አንባቢ የለውም። አንባቢያችን የሚፈልገው አህያ ነው» አላት።

«አንባቢያችን ማን ነው?» አለች ቁራ።

«አራት መቶ ናቸው!»

«ስንት ናቸው አላልኩህም፤ እነማን ናቸው ነው የምልህ።»

«አራት መቶ እያልኩሽ እነማን ትይኛለሽ? ይልቅ ሂጂና የአህያ ፎቶ አምጪ። የት እንደሚግጡም ጻፊበት፤ እዪው፣ ‹የት ነው?› የሚል አስተያየት መጥቷል። የአንባቢ ጥያቄ ይከበራል።»

ቁራ አልተዋጠላትም። ግን ሥራ ሥራ ነው ብላ በረረች። «አህዮች ከግራሩ ሥር» ብላ ጻፈች፤ «አህዮች ወንዙ መታጠፊያ ላይ» ብላ ጻፈች። አያ ጅቦ ፊደል ቆጥሮ ጨርሶ ከግራሩ ሥር ሲደርስ አህዮቹ ወንዙ ጋ ናቸው፤ ወንዙ ጋ ሲደርስ ሄደዋል። እስከዚያ ድረስ ያተረፋቸው የእሱ ዘገምተኝነት እንጂ ሌላ አይደለም። ቁጥሩ ግን በየቀኑ ይጨምራል።

በሳምንቱ ዳለቻ እያለከለከች ቀበሮ ቢሮ ደረሰች።

«አቶ ቀበሮ፣ ስልኩ ለኮቴ አልከፈት አለ። እባክዎ፣ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ግንድ ላይ ቢለጥፉልን ይበቃናል። አንዲት ወረቀት።»

«እትዬ ዳለቻ፣ እሱ ገጽ እኮ ተዘግቷል። የሚያነበው ስለጠፋ ነው።»

«እኛ እናነበዋለን!»

«ቁጥሩ ላይ ግን የላችሁም።»

«ሜዳው ላይ አለና! ሁላችንም አለን! ወጣ ብለው ቢያዩን ምን አለበት?»

«ቅሬታ ካለሽ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፊ።»

«በምኔ?» አለችና ኮቴዋን አንስታ አሳየችው። ቀበሮ አላየውም፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ሐሙስ ቁራ «ሦስት አህዮች ምንጩ ጋ» ብላ ጻፈች። እንደ አጋጣሚ አያ ጅቦ ያን ዕለት ምንጩ አጠገብ ቁጥቋጦ ውስጥ ተጋድሞ ነበር። ፊደሉን ቆጥሮ ሲጨርስ ብድግ አለ። ሁለቱ አህዮች ጠጥተው ሄደዋል። ዳለቻ ሆዷ ከብዷት ኋላ ቀርታ ነበርና ቀና ስትል ከአያ ጅቦ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠች። በሆዷ ያለው ያን ጊዜ ተገላበጠ።

አያ ጅቦ ግን ቅር ብሎታል። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እሷን ያያል።

«ሦስት ይላል እኮ እዚህ» አለ። «ሁለቱስ?»

ዳለቻ መለሰችለት።

«አሁን ነው የሄዱት፣ አያ ጅቦ። የት እንደደረሱ ስልክህ ሊነግርህ ይችላል፤ በየሰዓቱ አዲስ ይወጣል ብለውናል።»

«አንቺንስ?»

«እኔማ የት እሄዳለሁ? ይኸው እንደምታየኝ መሮጥ አልችልም። የሚሮጡትን ብታስቀድም ሦስታችንንም ታገኛለህ። ከእኔ ከጀመርክ ግን ሁለቱ ያመልጡሃል።»

አያ ጅቦ አሰበበት። ሦስት ከአንድ እንደሚበልጥ ያውቃል፤ ከዚያ ያለፈ ሒሳብ የለውም። «እውነትሽን ነው» አለና ስልኩን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ላሰው። ኔትወርክ ጠፍቷል። ክቧ ምልክት ትዞራለች። ደግሞ ላሰው። ትዞራለች። «ቆይ፣ ቆይ፣ ሊመጣ ነው» እያለ አንገቱን ደፍቶ ምልክቷን ሲከተል ዳለቻ አንድ እግሯን አነሳች፤ ቀጥሎ ሌላውን። አልሮጠችም፤ መሮጥ ብትችልማ ድሮ ትሮጥ ነበር። እንዲሁ ቀስ እያለች ምንጩን ዞረች፣ ዳገቱን ወጣች፣ ከዓይን ተሰወረች። አያ ጅቦ ቀና ሲል አንድም የለም። ስልኩ ግን አሁንም «ሦስት» ይላል።

ቁራ ይህን ሁሉ ከዛፍ ላይ ሆና አየች። በርራ ዳለቻን ዳገቱ ላይ ደረሰችባት።

«እኔ ነኝ የጠቆምኩብሽ» አለቻት። «በገዛ አፌ። አፈርኩ፣ ዳለቻ። ቀበሮ ማን እያነበበው እንደሆነ አያውቅም፤ እኔ ግን አሁን አየሁት።»

ዳለቻ መንገዷን አላቋረጠችም። «ማፈሩን በኋላ ታፍሪያለሽ» አለቻት። «አሁን ጅቡ የት እንዳለ እየነገርሽ ተራራውን አሻግሪን።»

ያን ዕለት ኮቴ ያለው ሁሉ ሜዳውን ለቀቀ። ቁራ ከላይ ትጮኻለች፤ እነሱ ከታች ይሄዳሉ። ዳለቻ ከተራራው ማዶ በሦስተኛው ቀን ወለደች፤ ጆሮው ከራሱ የሚረዝም ውርንጭላ። ቁራ አሁን ጠዋት ጠዋት አንድ ዛፍ ላይ ተቀምጣ ጅብ የት እንደዋለና የት እንዳደረ ጮክ ብላ ትናገራለች። ሽፋን የለው፣ ፎቶ የለው፤ ሁሉም ግን ይሰማል። በጉም እዚያው ግጥሙን በቃሉ ይወጣዋል። ለዚህ እስካሁን መላ አልተገኘለትም።

ወዲህ ቀበሮ ብቻውን ቀረ። አዲስ ፎቶ የሚያመጣለት ስለሌለ የድሮዎቹን እየደጋገመ ይለጥፋል። ቁጥሩ ግን ይብሱን ወጣ። አያ ጅቦ ሜዳው ባዶ ሆኖበት፣ ርቦት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ይልሳል። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ደረሰ። አስተያየቱም ጎረፈ፦ «የት ነው?»፣ «የት ነው?»፣ «የት ነው ያላችሁ?»

ቀበሮ ልቡ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። አንባቢ ሊያየው ናፍቋል ማለት ነው! ወዲያው እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ውድ አንባቢዎቻችን፣ ስለ ፍቅራችሁ እናመሰግናለን። ቢሯችን ከኮረብታው ሥር፣ ከትልቁ ዋርካ ጎን ያለው ዋሻ ነው። በራችን ለአንባቢ ምን ጊዜም ክፍት ነው።»

አያ ጅቦ ይህን ፊደል ሲቆጥር አረፈደ። ከሰዓት በኋላ የዋሻው በር ላይ ኮሽታ ተሰማ።

«ማን ልበል?» አለ ቀበሮ።

«አንባቢ ነኝ።»

ቀበሮ ጢሙን አሰማምሮ ብቅ አለ። አያ ጅቦ በሩን ሞልቶ ቆሟል። ቀበሮ ሰላምታ ሰጠና አንገቱን አስግጎ ከኋላው ያለውን ሰልፍ ፈለገ። ሰልፍ የለም።

«ሌሎቹስ?»

«የትኞቹ?»

«ሁለት ሺህ አምስት መቶዎቹ ናቸዋ!»

አያ ጅቦ ግራ ገባው። ዞር ብሎ ኋላውን አየ፤ ማንም የለም። ከዚያ ነገሩ እንደገባው ሁሉ አፉን ከፍቶ ምላሱን ዘረገፈው። ምላሱ ከመላስ ብዛት ቀልቶ፣ ከአገጩ አልፎ ተንጠልጥሏል።

«ይቺ ብቻ ናት» አለ።

ቀበሮ ብልጥ ነው፤ ለመረዳት አፍታም አልፈጀበትም። «የአህያ ፎቶ ልጨምርልህ፣ አያ ጅቦ፤ በጣም የሚያምር አለኝ» አለ፣ ወደ ውስጥ እያፈገፈገ።

«ፎቶ ሰለቸኝ» አለ አያ ጅቦና ጎንበስ ብሎ ገባ።

ዋሻው ውስጥ ስለሆነው ነገር የጻፈ የለም። ቁራ ከተራራው ማዶ ነበረች።

ከዚህ የምንማረው፣ ስንት ጊዜ እንደተከፈተለት እየቆጠረ ማን እንደከፈተው የማይጠይቅ ጸሐፊ፣ ላመኑት ሲጽፍበት የኖረውን ብዕር ለሚበላቸው እንደሚያውሰው፣ በመጨረሻም ራሱ እንደሚበላበት ነው።