ውሃው በስንት ፈላ?

አንድ መምህር ነበረ። የሚያስተምረው ብርድ ዓመቱን ሙሉ በማይለቃት አንዲት የደጋ ከተማ ነው፤ አምስተኛ ክፍል፣ ሳይንስ። ከጠመኔና ከሰሌዳ በቀር ሌላ መሣሪያ አያውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ሥልጠና ሄዶ ሲመለስ ግን ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። "ከእንግዲህ ልጆቼ በእጃቸው ነክተው፣ በዓይናቸው አይተው ነው የሚማሩት" አለ። እዚያ የተሰጠችውን አንዲት ቴርሞሜትር እንዳትሰበርበት በፎጣ ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ላይ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው ያመጣት።

በማግስቱ የከሰል ምድጃና ድስት ይዞ ክፍል ገባ። ልጆቹ ሻይ ሊፈላላቸው መስሏቸው ደስ አላቸው። ውሃውን ጣደና "ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?" ሲል ጠየቀ። መጽሐፉ ላይ ስላለ ሁሉም ባንድ ድምፅ "በመቶ!" አሉ።

"ጎበዞች! አሁን ደግሞ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።"

ውሃው መንተክተክ ሲጀምር መምህሩ ቴርሞሜትሩን ከተተና አበዛሽ የምትባለውን ተማሪ ጠራት። አበዛሽ ጥያቄ የማያልቅባት፣ እጇን ከማውጣት የማትቦዝን ልጅ ናት። ጎንበስ ብላ አየችና "ዘጠና አንድ" አለች።

"ቆይ፣ ገና በደንብ አልፈላም" አለ መምህሩ፤ ከሰልም ጨመረ። ውሃው ከድስቱ እየተፈናጠረ ፍሙ ላይ ቸስ ይል ጀመር። ሁለተኛው ልጅ መጥቶ አየ፤ ዘጠና አንድ። መምህሩ ቴርሞሜትሩን ጠርጎ መልሶ ከተተው። ሦስተኛዋም ያው ዘጠና አንድ አለች። ውሃውን ደፍቶ በሌላ ውሃ ሞከረ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንዲሉ፣ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ራሱ አጎንብሶ አየ። ግራ ገባው። መጽሐፉ መቶ ይላል፤ እሱም ለአሥራ አንድ ዓመት መቶ ሲል ኖሯል።

አራተኛው ልጅ ብልጥ ነበር። ወደ ድስቱ እንኳ በቅጡ ሳያይ "መቶ!" አለ። መምህሩም እፎይ ብሎ "ጎበዝ!" አለው። ከዚያ ወዲያ የተጠሩት ሁሉ መቶ አሉ።

"በሉ፣ መጀመሪያ ላይ መሣሪያው አስቸግሮን ነው። ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል ብላችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ" አለ መምህሩ። ሁሉም ጻፉ። አበዛሽ ግን ዘጠና አንድ ብላ ጻፈች። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረገባት።

"ቲቸር" አለች፣ "መቶ ብለን የምንጽፍ ከሆነ ታዲያ ውሃውን ለምን አፈላነው?"

"ቁጭ በይ!" አላት።

አበዛሽ ቁጭ አለች። ሳምንቱን ሙሉ እጇን አላወጣችም። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ዕረፍት መሰለው፤ በሦስተኛው ቀን ግን ክፍሉ ጭር አለበት። ያቺ ልጅ በእሱ ምክንያት መጠየቅ ትታ እንዳትቀር ሰጋ። እንዳይክሳት ደግሞ የቱ እውነት እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሌላ ቴርሞሜትር ተውሶ ቤቱ ሞከረ፤ ዘጠና አንድ። ሁለቱም ተበላሽተው ይሆን? ወይስ የከተማው ውሃ ነው ችግሩ?

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋሽ ደምሰው በር ላይ ባቄላ ሲቀቅሉ አገኛቸው።

"አልበሰለም እንዴ ጋሽ ደምሰው? ጠዋት ስገባም ጥደውት አይቻለሁ።"

"ምን ይበስላል መምህር! የዚህ አገር ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ ቶሎ አያበስል። ቆላ ወርጄ ለመንገድ ሠራተኞች ምግብ ሳበስል ያው ድስት፣ ያው ባቄላ፣ አፍታም አይቆይ። ወደ ደጋ ስንወጣ ከሰሉን ይፈጀዋል።"

"ለምንድን ነው እንደዚህ የሚሆነው?"

"እኔ ምን አውቄ? የተማራችሁትስ እናንተ!"

መምህሩ እየሮጠ ቤቱ ሄደ። የኮሌጅ ደብተሩን አውጥቶ ሲያገላብጥ በገዛ እጅ ጽሑፉ አገኘው፦ ውሃ በመቶ ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ከመቶ በታች ይፈላል። ይህን ለፈተና ሸምድዶት ነበር። ሙሉ ነጥብም አግኝቶበታል። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።

በማግስቱ ምድጃውን ይዞ ክፍል ገባ። ሐሳቡ አበዛሽ ራሷ ቴርሞሜትሩን እንደገና እንድታነብ፣ ከዚያም በጓደኞቿ ፊት ይቅርታ ሊጠይቃት ነበር። አስቀድሞ ኤክሱን ሊሰርዝላት ደብተሯን ተቀበላት። ገለጥ ሲያደርገው ዘጠና አንድ የለም። ወረቀቱ በላጲስ ከመፈግፈጉ የተነሣ ሳስቷል፤ በላዩ ላይ መቶ ተብሎ ተጽፏል።

"አስተካክዬዋለሁ ቲቸር" አለች።

ውሃው ፈላ። "ነይ እስቲ አበዛሽ፣ ስንት ይላል?" አላት በለሰለሰ ድምፅ።

አበዛሽ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ቀና ብላ መምህሩን አየችው።

"ቲቸር፣ ስንት ልበል?"

የአየር ግፊትን ማስረዳት ለመምህሩ ቀላል ነበር። ይህን ጥያቄ ግን ምን ይበለው?

ወዳጆቼ፣ ምድጃና ድስት ክፍል ውስጥ ስለገባ ብቻ ልጆች አይተው ተማሩ አይባልም። መልሱን አስቀድመን ቆልፈን "እዩ" የምንላቸው ከሆነ፣ የሚማሩት እኛን ማስደሰትን ነው፤ እሱንም ቶሎ ይማሩታል። በመምህሩ ግራ መጋባት አልፈርድም፤ ማንም ግራ ይገባዋል። ያን ቀን "ልጆች፣ እኔም ግራ ገብቶኛል፣ አብረን እንፈልግ" ቢል ኖሮ ክብሩ አይቀንስም ነበር፤ ልጅቷም የገዛ ዓይኗን ማመን ባልተወች። በእናንተ ቤትስ ያለው ልጅ የሚነግራችሁ ያየውን ነው ወይስ መስማት የምትፈልጉትን?