አውድማ ለቅላቂዋ ጥጊቱ

ይህ ዋርካ ገና ፍየል የሚቀጥፈው ችግኝ ሳለ ነው።

በቀያችን ጥጊቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሥራዋ አውድማ መለቅለቅ ነው። መከር ሲደርስ ትኩስ እበት በቅርጫት ታመጣለች፣ ከጭድ ጋር ታቦካለች፣ በመዳፏ መሬቱን ትለቀልቃለች። ሲደርቅ እንደ ገበታ ይለሰልሳል፤ ጤፉ ከአፈር ሳይገናኝ ይወቃል።

የአገራችንን ሽታ ታውቁታላችሁ፤ የታጨደ ሣር፣ የላም ትንፋሽ፣ ካፊያ የነካው ጭድ። ይህን ሁሉ እንወዳለን። የጥጊቱ እጅ ሲመጣ ግን ሰው አፍንጫውን ይይዝ ነበር። የኔ ቅድመ አያት አያ ደምለው ደግሞ ከሁሉም ይብስ ነበር፤ ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ ነው የማወራችሁ።

አንድ ቀን አያ ደምለው ዝክር ደገሰ። ጥጊቱ እጇን በአመድ ፈትጋ፣ በእንዶድ አጥባ መጣች። ከሴቶቹ ጎን ልትቀመጥ ስትል፣

«አንቺ ጥጊቱ! ራቅ በይ እባክሽ፤ ጠላዬ እበት እበት ይሸትብኛል!» አላት።

ሰው ሳቀ። «እሺ አያ» አለች። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። አጥር ሥር፣ ከውሾቹ ጋር በላች።

ሌላ ቀን ደግሞ የአያ ደምለው ምራት ወለደች። ጥጊቱ ቅቤ ይዛ ልትጠይቃት ሄደች። አራሷ ሕፃኑን በጋቢ ሸፈነችው። «ቅቤውን እዚያው ደጅ አስቀምጪው» አለቻት። «እሺ ልጄ» አለች ጥጊቱ። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወዲያ ከሰው ቤት ቀረች።

መከር ደረሰ። አያ ደምለው ሊጠራት አፈረ። «እበት መለጠፍ ደግሞ ምን ጥበብ አለው?» አለና ምራቶቹን አዘዘ። እነሱም በአንድ እጃቸው አፍንጫቸውን ይዘው በአንድ እጃቸው ለቀለቁ። አውድማ እንዲያ አይለቀለቅም። ሳይደርቅም በሬዎቹ ገቡበት፤ በኮቴያቸው ተላጠ። የዓመቱ ጤፍ ግማሹ ከአፈር ተቀላቀለ። ያቺ አራስ የነበረችው ምራት አንድ እፍኝ ዘግና አየችና «ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?» ብላ አለቀሰች።

አያ ደምለው ሄዶ ጥጊቱ ደጅ ቆመ። እሷም አልጠየቀችውም፤ ቅርጫቷን አንስታ ተከተለችው። የተላጠውን ጠርጋ እንደገና ለቀለቀች፤ ሦስት ቀን ፀሐይ አስመታችው። ቀሪው ጤፍ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። አፈር የነካውንም ከምራቶቹ ጋር ቁጭ ብላ እስኪጠራ ድረስ በሰፌድ አበጠረች።

ጤፉን ሊወቃ ለመጣው ደቦ ምሳ ቀረበ። «ነይ ብዪ» አላት አያ ደምለው።

«ኧረ አያ፣ እጄ ይሸታል» አለች። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

አያ ደምለው ለማንም ውሃ አስታጥቦ የማያውቅ ሰው ነው። ከምራቱ እጅ የውሃውን ቅል ተቀበለ። ጎንበስ አለ።

«እጅሽን አውጪው፣ እቴ» አላት። «የሸተተውስ የኔ አፍ ነው።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እሱም ውሃው እስኪያልቅ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ይኸው እስከ ዛሬ በቀያችን አውድማ የለቀለቀችውን ሴት የሚያስታጥበው ራሱ አባወራው ነው። የፈለገ ሽማግሌ ይሁን፣ የፈለገ ባለጸጋ ይሁን፣ እሱ ነው። እሷ ታጥባ እስክትጨርስም ቀና አይልም። እንግዳ አይቶ «ምነው አቀረቀረ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሰዉ «ለጥጊቱ ነው» ይለዋል።

እኛ የአያ ደምለው ዘሮች ግን ስንጠየቅ ቶሎ አንመልስም።